ዋጋ የማንከራከርበት ገበያ

ጉልት ወርደን ሽንኩርት ስንገዛ ሦስት ሻጮችን ጠይቀን፣ አገላብጠን አይተን፣ «ቀንሺ እንጂ» ብለን፣ ካልተስማማን ጥለን ሄደን ነው። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሐኪም ቤት መስኮት ላይ ቆማችሁ «ቀንሱልኝ» ብላችሁ ታውቃላችሁ?

ባለፈው ክረምት አክስቴን ሌሊት ትንፋሽ አጠራት። ቅርባችን ወዳለ የግል ሆስፒታል አደረስናት። ድንገተኛ ክፍል ወዲያው ኦክስጅን አደረጉላት፤ እግዜር ይስጣቸው። ጥቂት ቆይቶ «አልጋ ስለምትይዝ ዲፖዚት ክፈሉ» ተባልን። መስኮቱ ጋ ቆሜ ወረቀቱ ከማሽኑ እየተንከባለለ ሲወጣ አያለሁ፤ የደም ምርመራ፣ ራጅ፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ አልጋ። የትኛው የግድ ነው? የትኛው እስኪነጋ ይቆያል? እንዴት አድርጌ ልወቅ? አክስቴ ከመጋረጃው ወዲያ እያቃሰተች እኔ ሌላ ቤት ሄጄ ዋጋ ላጠያይቅ? በስልኬ ብሩን ላክሁ።

ሕክምናም እንደ ማንኛውም ዕቃ ለነጻ ገበያ ይተው የሚሉ ሰዎች አሉ። የሚሉት ሁሉ ባዶ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፖሊሲ ለግሉ ዘርፍ በር ከፍቶ ነበር፤ ዛሬ የግል ክሊኒኩና ላቦራቶሪው ባይኖር የመንግሥት ሆስፒታሉ ሰልፍ የት በደረሰ ነበር! ለመነጽር፣ ለጥርስ፣ ለታቀደ ቀዶ ሕክምና ደግሞ ሰው አስቦበት፣ አጠያይቆ ሊሄድ ይችላል። አሜሪካ ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ አንድ የቀዶ ሕክምና ማዕከል የሁሉንም ነገር ዋጋ አጠቃሎ ድረ ገጹ ላይ ይለጥፋል። የአገሪቱ መንግሥትም ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ሆስፒታሎች ዋጋቸውን ይፋ እንዲያደርጉ አስገድዷል። ይህን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። አልጋው በቀን ስንት እንደሆነ፣ ዲፖዚቱ ስንት እንደሆነ እኛም ጋ በር ላይ ቢጻፍ ማንን ይጎዳል?

የአክስቴን ሌሊት ግን የተለጠፈ ዋጋ አያቀለውም። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኬኔት አሮው እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተሙት ጽሑፍ ምክንያቱን አስረድተዋል። ሕመም ቀጠሮ የለውም፤ ሐኪሙ የሚያውቀውን ታማሚው አያውቅም። ምን መግዛት እንዳለብህ የሚነግርህ ሻጩ ራሱ ነው። ሽንኩርት ሻጯ ስንት ኪሎ እንደሚያስፈልግህ አትወስንልህም።

እንዲህ ሳንመርጥ የመጣ የሕክምና ወጪ ከአቅማችን በላይ ሲሆን ምን እንደምናደርግ ታውቁታላችሁ። የታማሚው ፎቶ መኪና ላይ ይለጠፋል፣ በድምፅ ማጉያ «ወገን ድረሱልን» ይባላል፣ ሰዉም ከታክሲ መስኮት እጁን ዘርግቶ ይሰጣል። ልቤን የሚነካኝ የሰው ቸርነት ነው፤ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ብሩ እስኪሞላ በሽታው አለመጠበቁ። የጤና መድን ማለት ያንኑ መዋጮ ማንም ሳይታመም ማሰባሰብ ነው። እኛ ለዚህ እንግዳ አይደለንም፤ እድር የሚገባው ሞት ቤቱን ካንኳኳ በኋላ አይደለም። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲጀመር የያዘው ይህንኑ መንገድ ነው፤ ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍላል፣ መክፈል ለማይችለው ድሃ መንግሥት ይከፍልለታል።

«ዘንድሮ አልታመምሁም፣ ብሬ በከንቱ ሄደ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አዝናለሁ። ያ ብር የጎረቤቱን ልጅ አሳክሟል። ጤነኛው እየወጣ የታመመው ብቻ ከቀረ ሣጥኑ ባዶ ይሆናል፤ በፈቃደኝነት ብቻ የሚሄድ መድን ሁሉ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ጤናውን ለገበያ ብቻ መተው አይሆንም እላለሁ። ለመንግሥትም ግን የምለው አለኝ፤ ብሩን አስቀድሞ የተቀበለ መድኃኒቱን መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አለበት። «የለም» የምትለው ቃል መድኑን ከማንኛውም ተቃዋሚ በላይ እየጎዳችው ነው።

በቀደም ከአንድ ጤና ጣቢያ በር ማዶ ካለ መድኃኒት ቤት ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ አንድ አባት የመድን ደብተራቸውንና የመድኃኒት ማዘዣውን አንድ ላይ አጣጥፈው ይዘዋል። ማዘዣው ላይ ከሦስቱ መድኃኒቶች በሁለቱ አንጻር «የለም» ተብሎ በእስክሪብቶ ተጽፏል። ተራቸው ሲደርስ ዋጋ ጠየቁ፤ ልጅቷ ነገረቻቸው። ጥቂት ዝም አሉና «አንዱን ብቻ ስጪኝ፣ ልጄ» አሏት። «የቱን፣ አባባ?» አለቻቸው። ዞር ብለው እኔን አዩኝ።