አስፋልቱ ሲገባ

በእኛ ልጅነት ሐዋሳ ላይ ሳይክል የማይነዳ ልጅ አልነበረም ማለት ይቻላል። የራሱ ሳይክል ያለው ግን ጥቂት ነበር። በሰዓት እንከራያለን። አከራዩ ስማችንን አይመዘግብም፤ የማን ልጆች እንደሆንን ያውቃል። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ ራስ መንገሻ ሥዩም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲያስቆረቁሯት ጎዳናዎቿ ሰፋና ቀጥ ብለው የተቀየሱት ለእኛ እሽቅድምድም ታስቦ ይመስለን ነበር። ከፒያሳ ተነስተን ሐይቅ ዳር እስክንደርስ ፔዳሉን ለደቂቃ አናሳርፍም። የተሸነፈ የአሸናፊውን ኪራይ ይከፍላል።

አስፋልት የነበረው በዋናው መንገድ ላይ ነው። ከእሱ ወጣ ካሉ ፒስታ ነው፤ ጠጠር፣ ቀይ አፈር፣ ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረ ቀላል አሸዋ። ታዲያ በጉልበታችን ቆዳ ከፍለን የተማርነው ነገር ነበር፤ አፈር ብቻውን ብዙ ሰው አይጥልም፣ አስፋልትም ብቻውን አይጥልም፤ የሚጥለው አስፋልት ላይ የተኛ አሸዋ ነው። ነፋስ ያመጣዋል፣ የጋሪ ጎማ ያራግፈዋል፣ ጎርፍ ጠርጎ ኩርባው ላይ ይተወዋል። ከሩቅ አይታይም። ስለዚህ ፊት የሚመራው ልጅ ኩርባው ላይ ሲደርስ አንድ እጁን ከመሪው ላይ ያነሳና «አሸዋ!» ብሎ ይጮሃል። ለማን? ሊያሸንፈው ከኋላው ለሚያሳድደው ልጅ። ማንም ያዘዘው ሕግ አልነበረም። ሳይጮህ አልፎ ከኋላው ሰው የወደቀበት ልጅ ግን አንደኛ ቢወጣም ኪራዩን የሚከፍልለት አልነበረም።

በኋላ ስለ መኪና ውድድር ማንበብ ስጀምር፣ ቢጫ ላይ ቀይ ሽንትር ያለበት ባንዲራ እንዳለ አወቅሁ። ዳኛው ከመንገዱ ዳር ሲያሳየው «ፊት ለፊት ያንሸራትታል፣ ዘይት ወይም ውኃ አለ» ማለቱ ነው። የእኛ «አሸዋ!» ይኸው ነው፤ እኛ ጨርቁን አልገዛንም እንጂ።

ሾፌሮቹም ቢሆኑ የሚያወሩት ከሞተሩ ባልተናነሰ ስለ መሬቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ፎርሙላ ዋን ወደ ኢስታንቡል ሲመለስ መንገዱ ውድድሩ ሳምንታት ሲቀሩት አዲስ አስፋልት ለብሶ ጠበቃቸው። አዲስ አስፋልት ደግሞ ቅባቱን ገና አልተፋም፤ ጎማው አልሞቅ፣ መኪናው አልቆም አለ። ከዓለም የተመረጡት ሾፌሮች ገና መንዳት እንደሚማር ሰው ተሽከረከሩ። እሑድ ዕለት በዝናብ ተወዳድረው ሉዊስ ሃሚልተን አሸንፎ ሰባተኛ የዓለም ዋንጫውን ወሰደ፤ ቀድሞ ግን ስለ አስፋልቱ አምርሮ ካማረሩት አንዱ እሱ ነበር። አሜሪካኖቹ በበኩላቸው መንገዱን ያክሙታል፤ የናስካር መኪኖች ጎን ለጎን ሆነው መቀዳደም እንዲችሉ ከኩርባው በላይኛው ረድፍ ላይ ሙጫ መሰል ነገር ይረጫሉ። ቴክሳስ ላይ እንዲህ የተረጨው ለናስካር ጎማ ጠቀመ። በዚያው መንገድ ኢንዲካር የተባለው ሌላው የመኪና ውድድር ሲመጣ ግን ሙጫው ጥሎት የሄደው ጥቁር እድፍ ጎማ አልይዝ ብሎ ለዓመታት ሾፌሮች የሚሸሹት ቦታ ሆነ። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ማዳለጫ።

ከሁሉም ለእኛ የሚቀርበው የኬንያው ናይቫሻ ነው። የስምጥ ሸለቆ ልጅ ነው፤ እንደኛው ሐይቅ ያለው፣ እንደኛው አቧራ ያለው። ሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮና ሲመለስ ከአውሮፓ የመጡትን ያስጨነቃቸው አንበሳው አልነበረም፤ ዱቄት የመሰለው ጥልቅ አቧራ ነበር። ላዩ መሬት ይመስላል፤ ውስጡ ድንጋይ ይደብቃል። በሐዋሳ የበጋ ፒስታ ላይ የነዳ ልጅ ቢጠየቅ ይነግራቸው ነበር።

አሁን ያ ፒስታ የለም ማለት ይቻላል። አስፋልት ገብቷል፣ ኮብልስቶን ገብቷል፣ ሐይቅ ዳር ሪዞርቶች ተደርድረዋል። ጋሪው ለባጃጅ ቦታውን ለቋል፤ ሳይክሉም ቀስ በቀስ ለሞተር እየለቀቀ ነው። ደስ አይልም አልልም፤ በክረምት ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ያልሰመጠ ሰው ነው ፒስታን የሚናፍቀው። እናቶቻችን አስፋልቱ ሲገባ እልል ያሉት እውነታቸውን ነው።

ነገር ግን ያ ጎርባጣ መንገድ ሳይነገረው የትራፊክ ፖሊስ ሥራ ይሠራ ነበር። ፍጥነት ሲጨምሩ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ እጅ ራሱ ፍሬን ይፈልጋል። አስፋልቱ ይህን ሥራ ሲያስለቅቀው በምትኩ ማንንም አልቀጠርንም። ሪባን ተቆረጠ፣ ጭብጨባ ሆነ፣ በማግስቱ ማታ ጎረምሶች የሞተራቸውን የፊት ጎማ አንስተው መጡ። ሄልሜት ከክንዳቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ክርናቸውን ይጠብቃል መሰለኝ። ኮብልስቶኑም ዓመት በዓመት በጎማ እየተወለወለ ይሄዳል፤ የበልግ የመጀመሪያ ካፊያ ሲያርፍበት፣ ወራት የጠጣው ዘይትና አቧራ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ባጃጅ ሦስት እግር ናት፤ በፍጥነት ሲጠመዘዙባት አንዱን ታነሳለች። እኛ ስንወድቅ ጉልበታችን ተልጦ፣ አልኮል አቃጥሎን፣ በማግስቱ ትምህርት ቤት እንገኝ ነበር። አሁን ስለወደቀ ልጅ ሲነገረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ጉልበቱ አይደለም።

አበበ ቢቂላን አስባለሁ። በሮም ሌሊት፣ በጥንታዊው የአፒያ ጎዳና ድንጋይ ላይ፣ በባዶ እግሩ ሮጦ አልወደቀም። መጋቢት 1961 ዓ.ም. ሸኖ አካባቢ ቮልስዋገኑ ተገልብጣ ከዚያ በኋላ በእግሩ አልቆመም። አገር እሱን አልቅሶ ሲያበቃ ስለ መንገድና ስለ መኪና የተማረው ነገር ብዙ አይመስለኝም።

የቱቦ ክዳን ነገር ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ላስ ቬጋስ ላይ ፎርሙላ ዋን ልምምድ በጀመረ በስምንት ደቂቃ ገደማ፣ የካርሎስ ሳይንዝ ፌራሪ ከመንገዱ የተነቀለ የውኃ መስመር ክዳን መታውና ወለሉ ተሰባበረ። ልምምዱ ተሰረዘ። ያን መንገድ ሙሉ ክዳን በክዳን ሲፈትሹ፣ ሲደፍኑ አደሩ፤ ትኬት የገዛው ተመልካች ሁለተኛውን ልምምድ ሳያይ ወደ ቤቱ ተላከ። ይህን ሳነብ ቀናሁ። ለአንድ ክዳን! ደግሞ ቀጥሎ ሳይንዝ የተጎዳበትን ባትሪ በመቀየሩ ዐሥር ደረጃ ወደ ኋላ ሄዶ እንዲነሳ ተቀጣ፤ ደንቡ የማን ጥፋት እንደሆነ አይጠይቅም። ይህኛው ክፍል ግን አላስደነቀኝም፤ ተመትቶ መቀጣትን እኛም ላስ ቬጋስ ሳንሄድ እናውቀዋለን።

በእኛ ከተሞች ክዳኑ ለቁርጥራጭ ብረት ተነቅሎ ሲሄድ፣ አንድ ያልታወቀ ደግ ሰው ቅርንጫፍ ቆርጦ ጉድጓዱ ውስጥ ይተክላል። እዚያው ቆሞ ይሰነብታል፤ ሲደርቅ ሌላ ደግ ሰው በእርጥብ ይተካዋል። «አሸዋ!» ብሎ የሚጮህ ልጅ ጨርሶ አልጠፋም ለማለት ይህን ቅርንጫፍ እቆጥራለሁ። ክዳኑን የሚመልስ ግን ከቅርንጫፉ በኋላ የሚቸኩልበት ምክንያት ያጣል።

በቅርቡ አመሻሽ ላይ ከሐይቅ ዳር ወደ ውስጥ ሰፈር በባጃጅ ስገባ ልጁ ፍጥነቱን አበዛብኝ።

«ቀስ በል እንጂ የኔ ልጅ።»

«አይዞዎት ጋሼ፣ አዲስ አስፋልት እኮ ነው!»

አፉን ሳይዘጋ ብሬከር ላይ ወጣን። ጭንቅላቴ ጣሪያውን ነካ። ቀለም የለውም፣ ምልክት የለውም፣ ከአስፋልቱ ጋር አንድ ነው። ልጅ ተገጭቶባቸው የሰፈሩ ሰዎች ራሳቸው አዋጥተው የሠሩት ነው አለኝ፤ ይቅርታ በሚመስል ድምፅ።

«ቀለም እንኳ ቢቀቡት ምን ነበር?» አልኩት።

«የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል ጋሼ። እንግዳም ቢሆን በሁለተኛው ቀን ይለምደዋል።»

«የመጀመሪያውን ቀን ካለፈ ነዋ።»

ሳቀና ሒሳቡን ተቀበለኝ።