መክፈቻው በማን ኪስ ይሁን?

ሮኬት ሲነሣ የተመልካች ሁሉ ዓይን ወደ ሰማይ ነው። ሽቦዋን ዘርግታ ሣር ላይ የቀረችውን ሣጥን የሚያያት የለም። እኛ በአሜሪካ የምንማር ሦስት ኢትዮጵያውያን ባለፈው የዕረፍት ጊዜያችን አንዲት ትንሽ የወረቀት ሮኬት ከነሞተሯ ከሱቅ ገዛን፤ ማስወንጨፊያ ሣጥኗን ግን በእጃችን ሠራን። ዛሬ ስለ ሮኬቷ ትተን ስለ ሣጥኗ ለመጻፍ የተነሣነው፣ ያከራከረችንም ያስተማረችንም እርሷ ስለሆነች ነው።

ይህ ጨዋታ በዚህ አገር ደንብ የወጣለት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1957 እ.ኤ.አ. ስፑትኒክ ከመጠቀች በኋላ ብዙ የአሜሪካ ወጣቶች የብረት ቧንቧ በክብሪት ራስና በልዩ ልዩ ቅመም እየሞሉ ሮኬት ለመሥራት ይሞክሩ ነበር፤ በዚህም የተጎዱ ነበሩ። ኦርቪል ካርላይል የተባለ የነብራስካ ጫማ ነጋዴ ከዚያ ቀደም ብሎ ከወረቀትና ከቀላል እንጨት የሚሠራ ሮኬት አውጥቶ ነበር። ሃሪ ስታይን የተባለው የሮኬት ባለሙያ ደግሞ ይህንኑ ከጥንቃቄ ደንብ ጋር አስፋፋው። በደንቡ መሠረት ሞተሩ የሚቀጣጠለው በኤሌክትሪክ ነው፤ ለትንንሾቹ ሞተሮችም ሰው ቢያንስ 5 ሜትር ያህል ርቆ ይቆማል።

በሣጥናችን ውስጥ ያለው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ይኸውም የ12 ቮልት ባትሪ፣ የሚነቀል መክፈቻ፣ ከ1,000 ኦም ሬዚስተር ጋር የተያያዘ ትንሽ የኤልኢዲ መብራት፣ እንዲሁም ጣት ሲለቀው ራሱ የሚመለስ መጫኛ ነው። ከሣጥኗ የሚወጣው ረጅም ሽቦ ጫፉ ላይ ሁለት መቆንጠጫዎች አሉት፤ እነርሱም በሞተሩ አፍ የገባችውን ቀጭን ማቀጣጠያ ይይዛሉ። መክፈቻው ሲገባ በመብራቱ በኩል 10 ሚሊአምፔር ያህል ብቻ ያልፋል። ይህም መብራቱን ያበራል እንጂ ማቀጣጠያዋን አያነዳትም። መጫኛው ሲጫን ግን ብዙ አምፔር በቀጥታ ይሄድና እሳት ይነሣል። ሽቦው ወፍራም መሆን አለበት፤ ቀጭን ከሆነ ኃይሉ በመንገድ ይቀራል።

ክርክራችን የተነሣው በመክፈቻው ላይ ነው። አንደኛው ጓደኛችን፣ «መጫኛው ካልተጫነ እሳት የለም። ሦስት ሰዎች ነን፤ እንተማመናለን። መክፈቻ ምን ያደርጋል?» አለ። ሁለተኛው፣ «መተማመኑስ ደግ ነው፤ ዳሩ ግን ሞተሩ አጠገብ የሚንበረከክ ሰው ሣጥኗን አያያትም» ሲል መለሰለት። ሁለት ማታ ተከራክረን በመጨረሻ ተስማማን፤ መክፈቻው ሣጥኗን በሚይዘው ሰው እጅ ሳይሆን፣ ወደ ሮኬቷ በሚሄደው ሰው ኪስ እንዲቀመጥ ተወሰነ።

በሦስተኛው ማስወንጨፍ ነፋስ ነበር። መብራቱ በራ፤ ከአምስት ጀምረን ወደ ታች ቆጠርን፤ መጫኛው ተጫነ፤ ሮኬቷ ግን ንቅንቅ አላለችም። ሁላችንም ሮጠን ማየት አማረን። ደንቡ ግን መክፈቻው ይነቀል፣ 60 ሴኮንድም ይጠበቅ ይላል። ያቺን ደቂቃ ተቀምጠን ፈጀናት፤ እጅግም ረዘመችብን።

ከዚያ በኋላ ቀርቦ ያየው ያው መክፈቻውን ሲቃወም የነበረው ጓደኛችን ነው። ነፋሱ ሽቦውን ገፍቶ ሁለቱን መቆንጠጫዎች አነካክቷቸው ኖሯል። ኃይሉ በዚያው አቋርጦ ስለተመለሰ ማቀጣጠያዋ ሳትነድ ቀረች። መብራቱ የበራውም ሽቦው እርስ በርሱ ስለተገናኘ ብቻ ነበር። እንግዲህ መብራቱ የሚመሰክረው መንገዱ መገናኘቱን ነው፤ የት እንደተገናኘ ግን አይነግረንም።

ጓደኛችን መቆንጠጫዎቹን ባላቀቀ ጊዜ ማቀጣጠያዋ እንደገና ለመንደድ ዝግጁ ሆነች፤ ፊቱም ከሞተሩ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። በዚያች ሰዓት ከእኛ አንዳችን ተደናቅፈን መጫኛው ላይ ብንወድቅ እንኳ ምንም አይደርስበትም ነበር፤ መክፈቻው በኪሱ ነበርና። ተመልሶ ሲመጣ ስለ ክርክሩ ያነሣ የለም፤ መክፈቻውን በክር አስሮ በአንገቱ አጠለቀው።

የፋብሪካ ሠራተኛም መኪና ሲጠግን ማብሪያውን በራሱ ቁልፍ ቆልፎ ቁልፉን ይዞ መግባቱ ስለዚህ ነው። ይህንንም የሚያደርገው ባልንጀራውን ስለማያምን አይደለም። እኛም ነገ መሐንዲስ፣ ሐኪም ወይም ሹም ሆነን ብዙ መጫኛ በእጃችን ይገባ ይሆናል። ያን ጊዜ አስቀድመን የምንጠይቀው፣ እሳቱ አጠገብ የቆመው ሰው ማን እንደሆነና መክፈቻው በእርሱ ኪስ መኖሩን ይሁን።