ከወንዙ ማዶ

የተወለድንባት መንደር በዓባይ ሸለቆ አፋፍ ያለች፥ ማዘጋጃ ቤትም ገበያም የሌላት ትንሽ የጎጃም መንደር ናት። የእናታችን ወገኖች ግን በማዶ፥ በቤጌምድር በኩል ይኖራሉ። ሁለቱን አገር ያገናኝ የነበረው የ17ኛው መቶ ዓመት የድንጋይ ድልድይ በጠላት ወረራ ዘመን ወገቡ ስለ ተቈረጠ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። ከዚያ ወዲህ መንገደኛው በገመድ ታስሮ፥ በወዲህና በወዲያ የቆሙ ሰዎች እየጎተቱት ይሻገር ነበር።

የአጎታችን መርዶ በመጣ ጊዜ እናታችን እርጉዝ ነበረችና በገመድ ልትሻገር አልቻለችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ወንዙ ወረደች፤ ለቀስተኛውም በማዶ ወረደ፤ ገደሉን በመካከል አድርገው ተያይተው ተላቀሱ።

ድልድዩ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2002 ተጠገነ፤ ዳግመኛም ፈረሰ፤ በ2009 በአቅራቢያው የብረት ገመድ ድልድይ ተዘረጋ። ዛሬ መሻገር ቀላል ሆኗል። ይሁን እንጂ እኛ ልጆቿ የአጎታችንን ልጆች ከጠየቅን ሁለት ፋሲካ አለፈ፤ ለዚህም የምናመካኝበት ወንዝ የለንም።

ውኃ የለየውን ዘመድ ድልድይ ያገናኘዋል፤ ቸልተኝነት የለየውን ግን ተነሥቶ ከመሄድ በቀር የሚያገናኘው የለም። ስለዚህ የዘንድሮው ክረምት ሳይገባ ልጆቻችንን ይዘን ለመሻገር ቈርጠናል።