የኮባ ቅጠል

ሰው በተወለደበት አገር ቢመካ ነውር አይደለም። ነውሩ የራሱን አገር ለማክበር የሌላውን አገር መናቅ ግድ የመሰለው ጊዜ ነው። ይህንንም የምጽፈው ሌላውን ለመገሠጽ ብዬ አይደለም፤ ጥፋቱ የእኔ የራሴ ነውና፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አንተ ሳትወድቅበት እንድትማርበት ብዬ ነው።

የተወለድሁት በወሎ፥ በላስታ ተራራ ነው። አገሩ ደጋ፥ መሬቱም ድንጋያማ ነው። አባቴ ሁለት በሬ ጠምዶ፥ ዕርፉን ጨብጦ ገብስ ያርስ ነበር። በእኛ ዘንድ ገበሬ ማለት በበሬ የሚያርስ ሰው ነው፤ ምግብ ማለትም እንጀራ ነው። ከአንድ ዓለት ተፈልፍለው የተሠሩት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ቅርባችን ስለ ሆኑ፥ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ከእኛ የሚበልጥ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዝናሙ ጠፋ፤ በሬዎቹ አለቁ፤ ጐተራውም ተራቈተ። እህል ወደሚታደልበት ጣቢያ በእግራችን ስንጓዝ ታናሽ እኅቴ በመንገድ ላይ ሞተች። የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች።

ከብዙ ዘመን በኋላ፥ በ1989 ዓ.ም.፥ አስተማሪ ሆኜ ወደ ጋሞ ደጋ፥ ወደ ጨንቻ አካባቢ ተመደብሁ። ያ አገር ለዓይኔ እንግዳ ሆነብኝ። ቤቱ ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት የተጠለፈ ነው። በየቤቱ ዙሪያ እንሰት ቆሟል። ብዙው ሰው በሬ ጠምዶ ከማረስ ይልቅ በእጁ ይቆፍራል። ወንዶቹም ከጕድጓድ ሸማ መሥሪያቸው ተቀምጠው ጥለት ሲጥሉ ይውላሉ። እናቴ ለበዓል የምትለብሰውን ነጠላ የመሰለ ሸማ የሚሠራው እንዲህ ያለ እጅ መሆኑን ከቶ አላሰብሁም፤ «ማረሻ የሌለው አገር!» ብዬ በልቤ ናቅሁት እንጂ።

ያረፍሁት አንዲት ባልቴት ቤት ነበር። በመጀመሪያው ማታ ቆጮ ጋግረው፥ አይብና ዳጣ ጨምረው አቀረቡልኝ። እኔም ገበታውን በጣቴ ገፋ አድርጌ፥ «በእኛ አገር ይህን ተክል ኮባ እንለዋለን፤ ቅጠሉን ለዳቦ መጋገሪያ እንፈልገዋለን እንጂ ሌላውን የሚበላ ሰው የለም» ብዬ ሳቅሁ። ልጃቸው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርና አቀርቅሮ ዝም አለ። እናቲቱ አንድ ቃል አልተናገሩም። ተነሥተው ገብስ ቆሉና አቀረቡልኝ።

ጥቂት ወራት አለፉ። አንድ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ ስለ ወንድሞቼና ስለ እኅቶቼ ጠየቁኝ። እኔም የ1977ቱን ዘመንና የታናሽ እኅቴን ነገር ነገርኋቸው። ጸጥ ብለው ከሰሙኝ በኋላ፥

«ልጄ፥ ያን ጊዜ ኮባው ነበረ ወይ?» አሉኝ።

«አዎን፥ በጓሮአችን ሦስት ኮባ ነበረ» ብዬ መለስሁ።

እርሳቸው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው አለቀሱ። እኔ የተናገርሁትን የተረዳሁት እርሳቸው ሲያለቅሱ ካየሁ በኋላ ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሦስት ኮባ ቤተ ሰብን ዓመት አይቀልብም፤ ይህን አውቃለሁ። ለአንዲት ሕፃን ግን ምናልባት መንገዱን ያሻግራት ነበር። እናቴን ልወቅስ አልችልም፤ ያሳያት ሰው አልነበረምና። እኔን ግን የሚያሳየኝ ሰው በእጁ ይዞ ቢያቀርብልኝ ሳቅሁበት። በማለዳ ተነሥቼ እናቲቱን ይቅርታ ለመንሁ። እርሳቸውም ቆጮውን ወደ እኔ አስጠግተው፥ «ብላ» ብቻ አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ተማሪ ሆንሁ። ሴቶቹ የእንሰቱን ግንድ በቀርከሃ ይፍቃሉ፤ ሥሩንም ይከትፋሉ፤ ከዚያም ቅጠል በተነጠፈበት ጕድጓድ ቀብረው ለሳምንታት፥ ለወራትም ያብላሉታል። ከዚህ ቆጮው ይገኛል፤ ከጭማቂው ቡላ ይወጣል፤ አሚቾ የሚባለው ሥሩ ተቀቅሎ ወዲያው ይበላል። ከቃጫው ገመድ ይሠራል። ተክሉ ለመድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል፤ የከብት ፍግም ይፈልጋል። ነገር ግን እንደ እህል በአንድ ክረምት ዝናም ላይ አልተንጠለጠለም። በቁሙ ይቆይና በችግር ቀን ይቈረጣል። ጀምስ ብሩስ የሚባለው የስኮትላንድ መንገደኛም ይህን ተክል በጐንደር አገር አይቶ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ሥዕሉን አውጥቷል። እንግዲህ ኮባ ለሰሜኑ ባዕድ አልነበረም፤ እኛ ግን መጠቅለያውን ይዘን ምግቡን ትተነው ነበር።

በ1991 ዓ.ም. ለገና በዓል የእናቲቱን ልጅ ይዤው ወደ አገሬ ሄድሁ። እርሱም ማሳችንን አይቶ ሳቀና፥ «ጋሼ፥ እነዚህ ሰዎች ድንጋዩን ነው እንዴ የሚያርሱት? ጓሮአቸውስ ስለ ምን ባዶ ሆነ?» አለኝ። ነገሩ እንደ እሾህ ወጋኝ። ልቈጣው ስል የገፋሁት ገበታ ትዝ አለኝና ዝም አልሁ። ማታ እናቴ ድፎ ዳቦ ስትቈርስ፥ ልጁ ከዳቦው ላይ የተላጠውን ቅጠል አንሥቶ አሸተተና፥ «ይህ የእናቴ ቤት ሽታ ነው» አለ። በማግሥቱ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ወሰድሁት። ከጕድጓዱ አፋፍ ቆሞ፥ ከላይ ወደ ታች የተጠረበውን ሕንጻ ረዥም ጊዜ ተመለከተና፥ «ጋሼ፥ እውነትም ድንጋዩን አርሰውታል» አለኝ። አሁን ግን አልሳቀም።

ይህን ብዬ ግን ደቡቡ ሁሉ ጥጋብ፥ ሰሜኑ ሁሉ ረኃብ ነው ማለቴ አይደለም። በእንሰቱ አገር መሬቱ ለሕዝቡ እየጠበበ ሄዷል፤ አጠውልግ የሚባል በሽታም እንሰቱን ይጨርሰዋል። ደግሞም ሰሜን አንድ አይደለም፤ ደቡብም አንድ አይደለም። ተራራውና ቈላው፥ ዝናሙና ድርቁ ለእያንዳንዱ ሕዝብ የየራሱን ጥበብ አስተምሮታል። ጥበቡ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳይሻገር የሚከለክለው ሁልጊዜ የመንገዱ ርዝመት አይደለም። አንዳንድ ጊዜ በገበታ ላይ የሚሳቅ አንድ ሳቅ ይበቃል።

ስለዚህ፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ወደማታውቀው አገር ስትሄድ «እነዚህ ሰዎች ምን የላቸውም?» ብለህ አትጀምር። «ምን ያውቃሉ?» ብለህ ጀምር። የቀረበልህንም ቅመስ። እናቴ ያን ማታ ልጁን አጠገብዋ አስቀምጣ፥ ኮባው እንዴት እንደሚፋቅ ስትጠይቀው አመሸች። የሴት ሥራ ነው ብሎ ጥቂት ቢያፍርም፥ ሁሉን ነገራት።