ከሥራ መልስ የሚከፈት በር
በሲልቨር ስፕሪንግ የማኅበረሰብ ኮሌጅ የሚማሩ እናቶች

ከአሜሪካ ዋና ከተማ ከዋሽንግተን በስተሰሜን፣ ሜሪላንድ በሚባለው ክፍለ ግዛት ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትባል ከተማ ትገኛለች። ከዋሽንግተን መሐል በቀዩ መስመር ባቡር ተሳፍሮ የመጣ መንገደኛ ከጣቢያው ወርዶ ወደ ጆርጂያ ጎዳናና ወደ ፌንተን መንገድ ሲያቀና በአማርኛ የተጻፉ የሱቅ ሰሌዳዎችን ያነባል። እንጀራው በላስቲክ ታሽጎ በመደርደሪያ ላይ ተደርድሯል፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ጀበናውና ስኒው ሳይቀር አለ። የጧት ቡና የሚጠጡትን ሰዎች ወሬ ላዳመጠ ከአገሩ ርቆ መሄዱን ለጊዜው ሊዘነጋው ይችላል።

ባለፈው ጥቅምት ዘመድ ለመጠየቅ ወደዚያ በተጓዝኩበት ወቅት ይበልጥ የሳበኝ ግን ሱቁና ምግብ ቤቱ አልነበረም። ፀሐይ አዘቅዝቃ የሠራተኛው ሕዝብ ወደየቤቱ በሚጣደፍበት ሰዓት፣ የሥራ ልብሳቸውን እንኳ ሳይቀይሩ፣ ደብተራቸውን በትከሻቸው አንግተው ወደ አንድ ግቢ የሚያመሩ እናቶችን ተመለከትኩ። ከእነርሱም መካከል ብዙዎቹ የእኛው አገር ሴቶች መሆናቸውን ከነጠላቸውና ከንግግራቸው መለየት አያዳግትም። «ወዴት ነው?» ብዬ ብጠይቅ «ወደ ትምህርት ቤት ነዋ!» የሚል መልስ አገኘሁ። እኔም ተከትያቸው ሄድኩ።

ግቢውና አመጣጡ

ግቢው የሞንትጎመሪ ኮሌጅ አንዱ ክፍል ሲሆን በታኮማ ፓርክና በሲልቨር ስፕሪንግ መካከል ይገኛል። የባቡር ሐዲድ ለሁለት ስለሚከፍለው ተማሪዎች ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚሻገሩት በእግረኛ ድልድይ ነው። ከድልድዩ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለተመለከተ ሰው፣ ከታች ባቡሮቹ ሠራተኛውን ጭነው ሲመላለሱ፣ ከላይ ደግሞ ያው ሠራተኛ መጽሐፉን ይዞ ሲሻገር ያያል።

የማኅበረሰብ ኮሌጅ የሚባለው ነገር ለብዙዎቻችን አዲስ ስለሆነ ጥቂት ማብራራት ይገባል። በአሜሪካ የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት የመንግሥት ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1901 በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት በጆሊየት ከተማ የተከፈተው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጦር ሜዳ የተመለሰው ወጣት ትምህርት ፈላጊ በመብዛቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 በፕሬዚዳንት ትሩማን የተሰየመ አንድ ኮሚሽን እንዲህ ያሉ ኮሌጆች በየአካባቢው እንዲስፋፉ ሐሳብ አቀረበ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅም ሥራውን የጀመረው በዚሁ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ በተለቀቁለት ክፍሎች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 ቀድሞ የኤሌክትሪክ ሙያ ትምህርት ቤት የነበረውን የታኮማ ፓርክ ግቢ ገዝቶ ገባ። ዛሬ በሮክቪልና በጀርመንታውንም ሰፋፊ ግቢዎች አሉት።

የእነዚህ ኮሌጆች ዓላማ ባጭሩ ሲገለጽ፣ በአካባቢው ለሚኖር ማንኛውም ሰው ከቤቱ ሳይርቅ፣ ከሥራው ሳይለቅ፣ በተመጣጠነ ክፍያ ሙያ ማስተማር ነው። ክፍያውም ሦስት ደረጃ አለው። የዚያው አውራጃ ነዋሪ አነስተኛውን ይከፍላል፤ ከሌላው የሜሪላንድ ክፍል የመጣው ከዚያ ከፍ ያለውን፤ ከክፍለ ግዛቱ ውጭ የመጣው ደግሞ ከሁሉም የበለጠውን። የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ ያላቸውና በስደተኛነት የተመዘገቡ ሰዎች ገቢያቸው አነስተኛ ከሆነ ፔል የሚባለውን የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ለማግኘት ማመልከት ይችላሉ። ይህ ብድር ስላልሆነ ትምህርቱን በአግባቡ ለተከታተለ ተማሪ የሚመለስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024-25 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነበር።

ከሰንጋ ተራ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ

ካነጋገርኳቸው ተማሪዎች አንዷ የ49 ዓመት እናት ናቸው። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁ «እትዬ» እያልኩ ልቀጥል። እትዬ የጽሕፈትና የቢሮ ሥራ የተማሩት በአዲስ አበባ በሰንጋ ተራው የንግድ ሥራ ኮሌጅ ነው። እንደሚታወቀው ይህ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1943 የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ሆኖ ተከፍቶ፣ በኋላም ወደ ኮሌጅነት አድጎ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጠቃለለ ነው። ለየመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊዎችንና ሒሳብ ሠራተኞችን ሲያፈራ የኖረ አንጋፋ ተቋም ነው።

«በጽሕፈት መኪና ነው የጀመርኩት፤ አንቺ አልደረስሽበትም መሰለኝ፣ ልጄ» አሉኝ እየሳቁ። «አማርኛውን ለመምታት ጣት ያስፈልጋል! 33ቱ ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው። ያን ሁሉ በቁልፍ ላይ መደርደር ስለማይቻል ፊደሉን ከመታን በኋላ ቅጥያውን ለብቻው እንመታ ነበር። ያ የለመደ ጣት ዛሬ የኮምፒዩተሩ ቁልፍ ቀለለው።»

እትዬ አገር ቤት ሳሉ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ከዚያም በሒሳብ ያዥ ረዳትነት 12 ዓመት ሠርተዋል። ወደ አሜሪካ ከሄዱ ጀምሮ ግን ሥራቸው የሆቴል ክፍል ማጽዳት ሆነ። «ሥራ ክቡር ነው፤ አላፈርኩበትም» ይላሉ። «ነገር ግን መዝገብ የያዘ እጄ መዝገብ ሳይነካ አራት ዓመት ሲያልፍ ውስጤን ከፋኝ። ሰው የሚያውቀውን ሲረሳ ራሱን የረሳ ያህል ነው።» በአምስተኛው ዓመት እንግሊዝኛቸውን በፈተና አስመዝነው ኮሌጅ ገቡ። ዛሬ የሒሳብ አያያዝ ትምህርታቸውን ሊያጠናቅቁ ተቃርበዋል።

አንድ ምሽት በክፍል ውስጥ

አስተማሪዋን አስፈቅጄ አንድ ምሽት ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ትምህርቱ የሚጀምረው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ተማሪው ከየአህጉሩ የተውጣጣ ነው። ከኤል ሳልቫዶር የመጣች እናት፣ ከካሜሩን የመጣ ጎልማሳ፣ ገና ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ወጣት፣ ፀጉራቸው የሸበተ አዛውንት፣ ሁሉም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

የዕለቱ ትምህርት የደመወዝ ሒሳብ አሠራር ነበር። አስተማሪዋ 1,000 ዶላር ደመወዝ ያለው ሠራተኛ በምሳሌነት ወሰደች። ለማኅበራዊ ዋስትና 6.2 በመቶ፣ ለአረጋውያን ሕክምና 1.45 በመቶ ሲቀነስ 76 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይሆናል፤ አሠሪውም ከራሱ ያንኑ ያህል ይጨምራል። ይህ እንግዲህ የገቢ ግብሩ ሳይታሰብ ነው። በእኛ አገር የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ እንደሚያዋጡት ማለት ነው። ዴቢትና ክሬዲቱ፣ የግራና የቀኝ ዓምዱ ሰንጋ ተራ ከተማሩት ጋር አንድ መሆኑን እትዬ ገልጸውልኛል። የተለየው ሕጉና የሒሳቡ ዓመት ነው። እኛ ዘንድ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ሲጀምር፣ እዚያ የግለሰብ ግብር የሚታሰበው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው።

ይህ ትምህርት ለወረቀት ብቻ አለመሆኑን የሚያስረዳ አንድ ነገር እትዬ አጫወቱኝ። በአሜሪካ ሕግ መሠረት አብዛኛው በሰዓት የሚከፈለው ሠራተኛ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራበት አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈለዋል። እትዬ ይህን በክፍል ከተማሩ በኋላ የደመወዝ ወረቀታቸውን አውጥተው ሲመረምሩ፣ በሳምንት 46 ሰዓት ሠርተው ሳለ 6ቱ ትርፍ ሰዓት በተራ ሒሳብ ተከፍሎ አገኙት። በሰዓት 18 ዶላር ስለሚከፈላቸው የጎደለባቸው በሳምንት 54 ዶላር ነበር። የአምስት ሳምንቱን 270 ዶላር በወረቀት አስልተው ለአለቃቸው አቀረቡ፤ ተከፈላቸውም። «አልጮህኩም፣ አላለቀስኩም፤ ሒሳቡን ብቻ አሳየሁት» አሉኝ።

የጊዜ ዋጋ

ይህን ሲሰማ ነገሩ ሁሉ ቀላል የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የትምህርቱን ሸክም በቁጥር ማየት ይበጃል። የሁለት ዓመት ዲፕሎማ ለማግኘት ቢያንስ 60 ክሬዲት ያስፈልጋል። አንድ ኮርስ በተለምዶ 3 ክሬዲት ነው፤ ይኸውም በሳምንት 3 ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ 6 ሰዓት ያህል ደግሞ በቤት ጥናት ማለት ነው። ሁለት ኮርስ የያዘች እናት ከ40 ሰዓት ሥራዋ ላይ 18 ሰዓት ትጨምራለች፤ ምግብ ማብሰሉ፣ ልብስ ማጠቡና ልጅ ማሳደጉ ሳይቆጠር። በዓመት ሁለት መንፈቅ ብትማር የሁለት ዓመቱ ትምህርት አምስት ዓመት ይፈጅባታል።

እትዬ ከዚህ መንገድ አራቱን ዓመት ጨርሰው 48 ክሬዲት አግኝተዋል፤ የቀራቸው አራት ኮርስ ነው። እኔ በሄድኩበት ሳምንት ግን ከባድ ጥያቄ ቀረበላቸው። የሆቴሉ አለቃ የማታውን ፈረቃ በኃላፊነት እንዲመሩ ዕድገት ሰጣቸው። ጭማሪው በሰዓት 3 ዶላር፣ በሳምንት 120 ዶላር ነው። የሥራው ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ስለሆነ ዕድገቱን ከተቀበሉ ትምህርቱ ይቋረጣል።

«120 ዶላር ቀላል አይደለም» አሉኝ። «አገር ቤት የማስታምማቸው እናት አሉኝ። የመድኃኒቱን ዋጋ አንቺም ታውቂዋለሽ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።» ባለቤታቸውና የ16 ዓመት ልጃቸው ባሉበት ጉዳዩን በቤት ተመካከሩበት። ባለቤታቸው የታክሲ ሥራቸውን በሳምንት አንድ ቀን ጨምረው ለአማታቸው የሚላከውን ለመሸፈን ፈቀዱ። ልጅቱም የክፍል ቀን እራት የእርሷ ድርሻ እንዲሆን ጠየቀች። እትዬም ዕድገቱን አልቀበልም ብለው መለሱ። «ብቀበል የጠራጊዎች አለቃ እሆን ነበር፤ ወደ መዝገቤ ግን አልመለስም ነበር። ዕድሜዬ 49 ነው፤ ይህን በር ዛሬ ከዘጋሁት ነገ ማን ይከፍትልኛል?» ነበር ያሉት።

ውሳኔያቸው ትክክል መሆን አለመሆኑን የምትፈርደው እያንዳንዷ እናት በራሷ ቤት ሚዛን ነው። ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ የለም። ለዚህም ማስረጃ የምትሆነን ሌላዋ ያነጋገርኳት የ31 ዓመት ወጣት እናት ናት። እርሷ አንድ መንፈቅ ተምራ፣ ሁለት ኮርስ አልፋ፣ አቋርጣለች። ምክንያቱ ስንፍና አልነበረም። የአንድና የሦስት ዓመት ልጆቿን ማታ የሚይዝላት ሰው አጣች፤ የሕፃናት ማቆያው ክፍያ ደግሞ ከደመወዟ ግማሽ ያህሉን ይወስድባት ነበር። ባለቤቷ «ትምህርቱ ይድረስ፣ ልጆቹ ይደጉ» ባይ ነው። «እኔ ክፍል ስገባ እርሱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ዛሬ ሦስተኛ መንፈቄ ነበር» አለችኝ በትካዜ። ሆኖም ያለፈቻቸው ሁለት ኮርሶች ከመዝገብ ስለማይፋቁ ትንሹ ልጅ መዋያ ሲገባ ለመቀጠል አስባለች።

የሁለቱን እናቶች ታሪክ ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው የልዩነቱ ምንጭ ግልጽ ነው። አንዷ ብልህ፣ ሌላዋ ሞኝ ሆና አይደለም። አንዷ ቤት የሚረዳ ባልና ያደገ ልጅ አለ፤ ሌላዋ ቤት የለም። የእናት ትምህርት የእናት ብቻ ጉዳይ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር የለም።

ለእኛስ ምን ይበጀናል?

ውድ አንባቢዎች፣ ይህን ሁሉ ያነሳሁት ባሕር ማዶ ያለውን ለማድነቅ ብቻ አይደለም። በአገራችንም የማታ ትምህርት የቆየ ልማድ ነው፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም በየከተማው አሉ። ከሥራ መልስ የሒሳብ አያያዝ፣ የጽሕፈት ሥራ ወይም የኮምፒዩተር ትምህርት ተከታትላ የብቃት ማረጋገጫ ምዘና የምትወስድ ሠራተኛ ብዙ ናት። ከእትዬ የምንማረው ጥቂት ቁም ነገር ግን አለ።

አንደኛ፣ የያዝነውን ሙያ አለመጣል ነው። ሥራ የቀየረች እኅት የቀድሞ ዕውቀቷን በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ብታነሳው አይጠፋባትም። ሁለተኛ፣ ወደ ውጭ ለመሄድ የተነሳች እኅት የትምህርት ማስረጃዋንና የውጤት ዝርዝሯን አስቀድማ አሟልታ ትያዝ። እዚያ ከደረሱ በኋላ ማስረጃ ከአገር ቤት ማስመጣት ብዙ ወራት እንደሚፈጅ፣ ማስረጃውም በልዩ ድርጅት መመዘን እንዳለበት ያነጋገርኳቸው ሁሉ አስረድተውኛል። ሦስተኛ፣ የደመወዝ ወረቀታችንን ማንበብ እንልመድ። ስንት እንደተቀነሰ፣ ለምን እንደተቀነሰ የማታውቅ ሠራተኛ ቢጎድልባትም አታውቅም።

አራተኛው ለአባወራዎችና ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ነው። የምትማር ሚስት ያለችው ባል በክፍል ቀን ሕፃን ቢይዝና ወጥ ቢያሞቅ ክብሩ አይቀንስም። ኃላፊውም የምትማር ሠራተኛውን በክፍል ቀን በሰዓቷ ቢያሰናብታት፣ ነገ የሠለጠነች ሠራተኛ የሚያገኘው ራሱ ነው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል የአገራችን ሰው። ለእንቁላሉ ግን ሙቀት የሚሰጥ ያስፈልገዋል። በየቤታችን መማር የምትሻ እናት፣ እኅት ወይም ሚስት ካለች ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ አንድ ጥያቄ እንጠይቃት፤ «በሳምንት የትኞቹን ሁለት ምሽቶች እንልቀቅልሽ?»