ለማስተማሪያ ብቻ

ከዚህ በታች በማወጋችሁ ነገር ውስጥ ዋናው ጥፋተኛ እኔው መሆኔን ከወዲሁ ልናገር።

በ2004 ዓ.ም. ከሠልጣኞቼ ጋር በኤሌክትሮኒክስ ላቦራቶሪ አንዲት የእንቁላል ማስፈልፈያ ሠርተን ነበር። ሙቀቷን 37.5 ዲግሪ ላይ ትጠብቃለች፣ እንቁላሉን በየጊዜው ታገላብጣለች፣ ሙቀቱ ሲዛባ ትጮኻለች። ይህን ሁሉ የምታዘው ጥፍር የምታህል ማይክሮኮንትሮለር ስትሆን፣ ሥራዎቹን ሰዓታቸው ሳያልፍ በየተራ የሚያደላድለው ሪል ታይም ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለው ፕሮግራም ነው። እኛ የያዝነው የዣን ላብሮስን ማይክሮ ሲ ኦ ኤስ ሁለትን ነበር። ደራሲው የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1992 በመጽሐፍ ስላወጣውና ኮዱን ዘርዝሮ ስለሚያስረዳ፣ ለመምህር የሚመች ነው።

ታዲያ አንድ የዶሮ እርባታ ባለቤት ማሽኗን አይተው «አሥር ሥሩልኝ» አሉን። ለላቦራቶሪው መሣሪያ መግዣ ተገኘ ብለን ዋጋ ስናሰላ አንዲት ሠልጣኝ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ለሽያጭ አይሆንም ይላል» አለችኝ። እንዴ! መጽሐፉን ገዝተነዋል፣ ኮዱም አብሮት የመጣ ነው! የፍቃዱን ቃል ሳነበው ግን ልክ ነበረች። ለትምህርትና ለሰላማዊ ምርምር በነጻ፤ በሚሸጥ ዕቃ ውስጥ ከገባ ፍቃድ መግዛት ያሻል። ለዓመታት ያስተማርኩበት ፋይል ነው፤ ራስጌውን አንድ ቀን አላነበብኩትም።

ባለቤቱ «ቺፕ ውስጥ የገባውን ማን ያየዋል?» ብለው ሳቁ። እውነት ነው፣ ማንም አያየውም። ነገር ግን ያቺ ልጅ አይታዋለች፤ በዓመቱ ደግሞ መምህርት ሆና ልትወጣ ነው። ምን ብዬ ልሸጠው?

ወደ ፍሪ አር ቶስ ዞርን። እሱ ያን ጊዜ በጂ ፒ ኤል ፍቃድ ሥር ሆኖ አንድ ማስተካከያ ነበረው፤ የራስህን ፕሮግራም ዘግተህ መያዝ ትችላለህ፣ ከርነሉን ከነካህ ግን የነካኸውን ለሌላው ትገልጣለህ። ይህስ ደግ ነው። የገረመኝ ሌላው አንቀጽ ነው፤ ያለ ፈቃድ ፍጥነቱን ለክቶ ማሳተም ክልክል ነበር። እኛ ደግሞ የሁለቱን ፍጥነት አወዳድረን በዚሁ የግድግዳ ጋዜጣ ልናወጣ ሠንጠረዡን ሁሉ አሰናድተን ነበር! ቀደድነው።

ዛሬ ነገሩ ቀሏል። ፍሪ አር ቶስ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ አማዞን ሲዛወር በኤም አይ ቲ ፍቃድ ወጣ፤ የላብሮስም ሥራ በ2020 በአፓቺ ፍቃድ ተለቀቀ። ሁለቱንም መሸጫ ዕቃ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ኤም አይ ቲ የሚጠይቀው የባለመብቱ ስምና የፍቃዱ ቃል ከኮዱ እንዳይለይ ነው። የዘንድሮ ሠልጣኞቻችን ግን «ፋይሉ ይጠር» እያሉ በመጀመሪያ የሚሰርዙት ያንኑ ነው! ልጆች፣ ማብራሪያ ጽሑፍ እኮ ቺፑ ላይ አንዲት ባይት አይዝም።

እርግጥ ለማስፈልፈያ ያህል ኦፕሬቲንግ ሲስተም ባያስፈልግም ይቻል ነበር፤ ተራ ዑደት ይበቃው ነበር። ይህን ያሰብኩት ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ነው። ሰውየው ከሌላ ገዝተው ነበር። የእኛዋ ማሽን ዛሬም ላቦራቶሪው ጥግ ቆማለች፤ ለማስተማሪያ ስለሆነች ማንም አይከሰንም።