ስለ ጋራ መዝገብ አጠባበቅ

የጋራ ነገር ጠባቂው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም «ሌላው ይጠብቀዋል» ባለ ጊዜ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ቀድሞ መዝገብ በአንድ ሣጥን ተቆልፎ በአንድ ጸሓፊ እጅ ይኖር ነበርና የጎደለው ሁሉ ከእርሱ ይጠየቅ ነበር። ዛሬ ግን ኮምፒዩተር አንዱን መዝገብ በአንድ ሰዓት ለዐሥር ሰው ይገልጠዋል፤ ዐሥሩም ብርዕ ይዘዋል።

አንድ ዕድር የወር መዋጮውን በኮምፒዩተር ሰንጠረዥ ይጽፍ ነበር። ገንዘብ ያዡና ጸሓፊው ያንኑ መዝገብ በአንዲት ማለዳ ወደየቤታቸው ገልብጠው ወሰዱ። ገንዘብ ያዡ የዐሥራ ሁለት ሰዎችን ክፍያ ጽፎ በቀትር ወደ ቦታው መለሰው፤ ጸሓፊውም የአባላትን አድራሻ አርሞ በማታ መለሰ። የኋለኛው ግልባጭ የፊተኛውን ሸፈነው፤ የዐሥራ ሁለቱም ክፍያ ጠፋ። የሰረቀ የለም፤ የዋሸም የለም። ከጥቂት ወራት በኋላ አንዲት ባልቴት ልጃቸው ሞቶባቸው ሳለ «ውዝፍ አለብዎ» ተባሉ። ደረሰኙን ከመቀነታቸው ጫፍ ፈትተው ባያሳዩ ኖሮ፥ በኀዘናቸው ላይ ኀፍረት በተጨመረባቸው ነበር።

ይህ ጥፋት ለዘርፉ ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1968 አሜሪካዊው ዳግላስ ኤንግልባርት በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ተራርቀው የተቀመጡ ሰዎች በአንድ ጽሑፍ ላይ አብረው ሲሠሩ ለጉባኤ አሳየ። ከዚያ ወዲህ የቀረው ታላቅ ጥያቄ፥ ሁለቱ በአንድ ስፍራ ቢጽፉ የማንኛው ይጽና? የሚል ነው። ለዚህም ሦስት ዓይነት መልስ ተገኝቷል።

ፊተኛው መቆለፍ ነው። በ1982 የወጣው አርሲኤስ የተባለው መሣሪያ እንዲህ ያደርግ ነበር፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ያነባል እንጂ አይነካም። ይህ ለጥንቃቄ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቁልፉን የያዘው ሳይፈታ የሄደ እንደ ሆነ ሥራው ሁሉ ይቆማል።

ሁለተኛው ማስታረቅ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 የሠራው ጊት እያንዳንዱን በየግልባጩ ያሠራና፥ በኋላ ሁለቱን ከተገለበጡበት ከፊተኛው ጽሑፍ ጋር ያስተያያል። የተለወጡት መስመሮች የተራራቁ ቢሆኑ ያዋሕዳቸዋል፤ ሁለቱ አንዱን መስመር በየፊናቸው ለውጠውት ቢገኝ ግን ሁለቱንም ንባብ አቁሞ ፍርዱን ለሰው ይተዋል። የትርጓሜ መምህራን «አንድም» እያሉ ሁለቱን ፍች ጎን ለጎን እንደሚያኖሩ ያለ ነው።

ሦስተኛው ክላረንስ ኤሊስና ሳይመን ጊብስ በ1989 ያወጡት ነው። አንዱ በመስመሩ መጀመሪያ አምስት ፊደል ቢጨምር፥ በዚያው ቅጽበት ሌላው በዐሥረኛው ፊደል ላይ ያዘዘው እርማት ወደ ዐሥራ አምስተኛው ይሻገራል። ስለዚህ ብዙዎች ሳይጠባበቁ በአንድነት ይጽፋሉ።

ነገር ግን መሣሪያ ፊደልን ይጠብቃል እንጂ እውነትን አይመረምርም። አንዱን የመቶ ብር ክፍያ ሁለቱም ቢጽፉት ሁለቱንም በታማኝነት ያኖራል፤ መቶውም ሁለት መቶ ይሆናል። ስለዚህ ከመሣሪያው አስቀድሞ የሰዎቹ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ይኸውም ማን እንዲጽፍ፥ ማን እንዲያነብ፥ ማንስ እንዲመረምር ነው። እርማትም ሁሉ ከአራሚው ስምና ከሰዓቱ ጋር ይጻፍ፤ የፊተኛውም ቃል አይፋቅ። «ሁለት ባላ ትከል፥ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» እንደሚባለው፥ ሌላ ግልባጭ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ።

ዕድሩም ይህን ከኀፍረት ተማረ። መዝገቡ ከእንግዲህ በአንድ ስፍራ እንዲጻፍ፥ ክፍያን ገንዘብ ያዡ፥ አድራሻን ጸሓፊው ብቻ እንዲጽፉ ወሰነ፤ ሦስተኛ ሰውም በየወሩ መዝገቡን ከደረሰኙ ጉርድ ጋር እንዲያመሳክር አዘዘ። ይህም ተገቢ ነው፤ ደረሰኛቸውን በመቀነታቸው ላልቋጠሩ ሌላ ባልቴት ምስክራቸው ይህ መዝገብ ብቻ ነውና።